መመለሻ ለሌለው ገዢ፦ ለትንሽ የሞዴል ባቡር ጥሩ የጭነት ፉርጎ አመራረጥ

ቤቴ ከአቃቂ ወጣ ብሎ፣ ወደ ኢንዶዴ የጭነት ባቡር ጣቢያ በሚወስደው በኩል ነው። ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል የጅቡቲው ባቡር ድምፅ ይሰማኛል። ቀን ላይ ኮንቴይነር የጫነ ረጅም ተርታ ሲያልፍ ደግሞ ልጆቼ ወጥተው ፉርጎ ይቆጥራሉ፤ የሁለቱ ቁጥር ግን አንድም ቀን ገጥሞ አያውቅም። የሞዴል ባቡር ነገር የገባብኝ እንዲህ ነው። ዛሬ ሳሎኔ ጥግ፣ 80 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር የሆነ አሮጌ የበር ሳንቃ ላይ፣ ትንሽ ኢንዶዴ አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹን 12 ፉርጎዎች ያመጣልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ከአሜሪካ ሲመጣ አንድ ሻጭ የተገለገለባቸውን በጅምላ ሸጦለት፣ በካልሲ ጠቅልሎ በሻንጣው አስገባቸው። ሲፈቱ ዓይን ያፈዝዙ ነበር። ሐዲድ ላይ ሳወጣቸው ግን ሳይንገራገጩ የሄዱት 3 ብቻ ናቸው። የአንዱ መንጠቆ ከሌላው አይያያዝም፣ የአንዱ ጎማ ይጎተታል እንጂ አይዞርም፣ ሁለቱ ደግሞ በየኩርባው ይወድቃሉ። ታዲያ ማን ይመልሳቸው? በሻንጣ ውቅያኖስ የተሻገረ ዕቃ «አልተስማማኝም» ተብሎ አይመለስም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእንደ እኔ ዓይነቱ ገዢ ነው። መደብር ገብቶ፣ አገላብጦ፣ አንከባሎ የሚገዛ ሰው ስህተቱን በማግስቱ ያርማል። እኛ የምንመርጠው ዕቃውን ሳናይ፣ በሰው እጅ ስለሆነ ምርመራው ከግዢው በፊት ማለቅ አለበት።

ልኬቱን ሳትወስኑ ብር አታውጡ

ልኬት ማለት ሞዴሉ ከእውነተኛው ባቡር ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገረው ቁጥር ነው። በገበያ ላይ እንደ ልብ የሚገኙት ሁለት ናቸው፦ ኤች-ኦ፣ 1፡87 ሆኖ የሐዲዱ ስፋት (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት) 16.5 ሚሊ ሜትር፤ እና ኤን፣ 1፡160 ሆኖ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለ160 ብታካፍሉ 9 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ የኤን ሐዲድ ለእኛው ባቡር ልክ ነው።

ልባችሁ የድሮው ለገሃር ላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ለእሱ በኤች-ኦ ልኬት 12 ሚሊ ሜትር፣ በኤን ልኬት ደግሞ 6.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ቤሞ የሚባለው ድርጅት የስዊዘርላንድን የሜትር ሐዲድ ባቡሮች በ12 ሚሊ ሜትር ይሠራል፤ መልካም ዕቃ ነው፣ ግን ውድ ነው፣ ምርጫውም ጠባብ ነው። ለጀማሪ አልመክርም።

አንድ ወጥመድ አለ። 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄድ ሁሉ 1፡160 አይደለም። የጃፓን የአገር ውስጥ ሞዴሎች ባብዛኛው 1፡150፣ የእንግሊዞቹ 1፡148 ናቸው፤ ሁሉም ግን «ኤን» ተብለው ይሸጣሉ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በ1፡160 ርዝመቱ 76 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1፡150 81 ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የሌላው ታላቅ ወንድም ይመስላል። ስለዚህ «ኤን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቁጥሩን ጠይቁ።

እኔ ኤንን የመረጥኩት በቦታ ምክንያት ነው። ኪሳራው ደግሞ ፉርጎው ትንሽና ቀላል ስለሆነ ጥቃቅን ጉድለት ሁሉ መታየቱ ነው። ኤች-ኦ ይቅር የሚለውን ስህተት ኤን አይምርም።

ኩርባችሁ ስንት ነው?

ፉርጎ ከመምረጥ በፊት የሐዲዳችሁን በጣም ጠባብ ኩርባ ለኩ። ከክቡ መሐል እስከ ሐዲዱ መሐል ያለው ርቀት፣ ማለትም ሬዲየሱ፣ ከፉርጎው ርዝመት ቢያንስ 3 እጥፍ ይሁን። ከዚያ ካነሰ አንዳንዱ ይሄድ ይሆናል፣ እምነት ግን አይጣልበትም።

ካቶ የሚባለው ሐዲድ ሠሪ ድርጅት ለኤን ከሚያቀርባቸው ኩርባዎች መካከል 249፣ 282 እና 315 ሚሊ ሜትር ይገኙበታል። በ80 ሴንቲው የበር ሳንቃ ላይ 315ቱ በሰፊው ይገባል። 315ን ለ3 ስታካፍሉ 105 ይመጣል። ስለዚህ የእኔ ፉርጎ ከ105 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ባለ 50 ጫማው የአሜሪካ ክድን ፉርጎ በኤን 95 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይገባል። አንድ ባለ 40 ጫማ ወይም ሁለት ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚጭነውም ይገባል።

የማይገባውን ልንገራችሁ፦ መኪና ጫኙ። በጣም ያምራል፣ ልጆች አይተውት አይጠግቡም። ነገር ግን ባለ 89 ጫማው በኤን 169 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በደንብ እንዲዞር ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሬዲየስ ይፈልጋል። ያ ደግሞ ከ1 ሜትር የሰፋ ጠረጴዛ ነው። የእኔው መደርደሪያ ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

ጎማው ሁሉን ነገር ይወስናል

ብረትም ሆነ ፕላስቲክ ጎማ ማለታችን አልቀረም፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

በእኛ ሰፈር መንገዱ ኮረት ነው። በጋ ላይ መስኮት ዘግተህም አቧራው ይገባል። የፕላስቲክ ጎማ አቧራውን እየለቀመ ሐዲዱ ላይ ካለው ቅባት ጋር ያቦካዋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጎማው ዙሪያ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል፤ ፉርጎው እየዘለለ መሄድ ይጀምራል፣ ቆሻሻውንም መልሶ ለሐዲዱ ያካፍላል። ከዚያ ሎኮሞቲቩ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) መብራት እንደሚቆራረጥበት ቤት እየቆመ ይነሳል። ለስላሳ የብረት ጎማ ይህ ችግር በእጅጉ ይቀንስለታል፣ ቀለል ብሎም ይሽከረከራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት የጎማውን ዓይነት ይሁን። ፉርጎው ሁሉ ነገሩ ተስማምቷችሁ ጎማው ብቻ ፕላስቲክ ከሆነ አትተዉት፤ የብረት ጎማ ከነአክስሉ ለብቻው ይሸጣል፣ ክብደት ስለሌለውም በደብዳቤ ፖስታ ይመጣል። የአክስሉን ርዝመት ግን አስለኩ፤ እያንዳንዱ ድርጅት የራሱ ልክ አለው።

ሁለተኛው የአክስሉ ጫፍ ነው። በጥሩ ፉርጎ ላይ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ሆኖ ቦጊው ውስጥ ባለች ትንሽ ጉድጓድ ላይ ያርፋል። (ቦጊ የምለው ሁለት አክስል ይዞ ከፉርጎው ሆድ ሥር የሚዞረውን እግር ነው።) ጫፉ ዶልዱም ከሆነ ፍሬን እንደያዘ መኪና ነው፤ አንድ ሎኮሞቲቭ 15 ፉርጎ በሚጎትትበት 6 ላይ መንሸራተት ይጀምራል።

ሦስተኛው የጎማው ከንፈር ነው፤ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ ማለቴ ነው። የቆዩ የኤን ፉርጎዎች ከንፈራቸው ጥልቅ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሐዲድ ላይ ችግር የለውም፤ መልኩ እንዲያምር ተብሎ 1.4 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሐዲድ ከዘረጋችሁ ግን ከንፈሩ ሐዲዱን የያዙትን ምስማሮች እየነካ ትር ትር ይላል።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ሁለት ሐዲድ ላይ ሁለት የተለያየ ኤሌክትሪክ ስላለ፣ በብረት ጎማው መካከል መከለያ መኖር አለበት፤ ያለበለዚያ ራሱ ፉርጎው ሾርት ያደርጋል። ዕቃው ሲመጣ የቴስተሩን ሁለት ጫፍ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ጎማ ላይ አሳርፉ፤ ጢጥ ካለ ያ አክስል አይሆንም።

ዘይት አትቀቡ። አባቴ ለበር ማጠፊያም ለሰዓትም ለሁሉም ዘይት ነበር መድኃኒቱ፤ እዚህ ግን አቧራ መሰብሰቢያ ይሆናል። ካስፈለገ የእርሳስ ጫፍ ፈጭታችሁ ጥቁሯን ዱቄት ጉድጓዷ ውስጥ ንኩት፣ በቂ ነው።

መንጠቆ

ከ12ቱ ፉርጎዎቼ ውስጥ ሦስት ዓይነት መንጠቆ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ቋንቋ እየተናገሩ እንደማይግባቡ ሰዎች በሉት።

በኤን ዓለም የቆየው ራፒዶ የሚባለው ነው። የጀርመኑ አርኖልድ በ1960ዎቹ ያስለመደው፣ ትልቅና አራት ማዕዘን የሆነ፣ ለዓይን የማይስብ፣ ግን የማይፈታ መንጠቆ ነው። ሁለተኛው የተጨበጠ እጅ የሚመስለው ነው። የኤን ፉርጎ ላይ ይህን ያስፋፋው ማይክሮ-ትሬይንስ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ ኤች-ኦ ላይ ደግሞ ካዲ ነው፤ ሁለቱ ቀድሞ አንድ ቤት ነበሩ። ይህኛው ሐዲድ ሥር በተቀበረ ማግኔት ሳይነካ ይለያያል። የጅቡቲው መስመር በቻይና ስታንዳርድ የተሠራ ስለሆነ የእውነተኞቹ ፉርጎዎች መያያዣም የዚህ ዓይነት ጭብጥ ነው። ኢንዶዴን ለመምሰል ለሚፈልግ ሰው መልሱ ግልጽ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ዋና ዓይነቶች እርስ በርስ አይያያዙም። አንዱን ምረጡና ጽኑ። ወደ ሌላ ለመዞር የተገደደ ሰው አንድ ፉርጎ በአንዱ ጫፍ ራፒዶ፣ በሌላው ጭብጥ አድርጎ እንደ አስተርጓሚ ይጠቀምበታል፤ እኔም እንዲህ አድርጌ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ።

ከዓይነቱ በላይ የምመለከተው መንጠቆው የታሰረበትን ቦታ ነው። ቦጊው ላይ የታሰረ መንጠቆ በጠባብ ኩርባ ከቦጊው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ወደፊት ሲጎተትም ሰላም ነው። ባቡሩን ወደ ኋላ ስትገፉት ግን ግፊቱ በቀጥታ ቦጊው ላይ ያርፍና ወደ ጎን ያጣምመዋል፤ ፉርጎው ሐዲድ ይስታል። ሆዱ ላይ የታሰረው ግፊቱን ለፉርጎው አካል ስለሚያስተላልፍ 10 ፉርጎ ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል፤ በምትኩ ሰፋ ያለ ኩርባ ይጠይቃል። የጭነት ጣቢያ ሥራ ደግሞ ባብዛኛው ወደ ኋላ መግፋት ነው፦ ፉርጎ ማስገባት፣ ማውጣት፣ ማሰለፍ። ኩርባችሁ 3 እጥፉን ካሟላ ሆዱ ላይ የታሰረውን ውሰዱ። ባቡራችሁ ክቡን እየዞረ ብቻ የሚውል ከሆነ ግን ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

ክብደት፦ ጎሚስታ ቤት የሚገኝ መድኃኒት

የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለፉርጎ ክብደት የሚመክረው ልክ አለ። ወደ ግራም ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ ለኤን 14 ግራም መነሻ፣ ከዚያ በየሴንቲ ሜትሩ 1.7 ግራም ያህል። ለኤች-ኦ 28 ግራም መነሻ፣ በየሴንቲ ሜትሩ 5.6 ግራም። የ95 ሚሊ ሜትሩ የኤን ፉርጎ ስለዚህ 30 ግራም ገደማ ይመዝን ማለት ነው። በኤች-ኦ ያው ባለ 50 ጫማ ፉርጎ 17.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 126 ግራም ይደርሳል።

ከቁጥሩ ይልቅ መመሳሰሉ ይበልጣል። ቀላል ፉርጎ ፊት ሆኖ ከባዶች ከኋላ ሲጎተቱ፣ ኩርባ ላይ ቀላሉ ወደ ውስጥ ተስቦ ይገለበጣል። ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎ የዚህ በሽታ ዋና ታማሚ ነው፤ ፕላስቲክ ወለልና አራት አክስል ነው፣ ምን ክብደት አለው?

ለመመዘን የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ለመጨመር ደግሞ ጎሚስታ ቤት ሂዱ። ለጎማ ባላንስ የሚለጠፈው ብረት ወይም እርሳስ ባለ 5 እና ባለ 10 ግራም ቁራጭ ሆኖ ከነማጣበቂያው ይገኛል። ከወለሉ ሥር፣ ከሁለቱ ቦጊ መካከል፣ ልክ መሐሉ ላይ ለጥፉ። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ካልጨመራችሁ ይሻላል። እርሳሱን ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ ለሕፃን እጅም አይሁን።

መልኩን መጨረሻ ላይ

ሻጭ የሚያሞግሰው መልኩን ነው፦ ጽሑፉ ጥርት ያለ፣ መሰላሉና መያዣው ለየብቻ የተገጠመ። እኔ በተቃራኒው እላችኋለሁ። ለየብቻ የተገጠመ ቀጭን መሰላል በሻንጣ ሲመጣ ይሰበራል። ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረጸው ግን ይተርፋል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ልዩነቱን የሚያይ እንግዳ እስካሁን ቤቴ አልመጣም።

የድርጅት ስም ብቻ አይቶ መግዛትም አያዋጣም። አትላስ ለምሳሌ «ትሬይንማን» በሚል ስም ቀለል ያለውን፣ «ማስተር» በሚል ደግሞ የተሻለውን ያወጣል። የማይክሮ-ትሬይንስ ቦጊና መንጠቆ የሚታመን ነው፣ የቆዩት ምርቶች ጎማ ግን ፕላስቲክ ነው። ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሁለት ሊሆን ይችላል።

ለሚያመጣላችሁ ሰው የምትልኩት መልእክት

አሁን ለአክስቴ ልጅ የምልከው ይህን ነው፦

«ወንድሜ እንደምን ከረምክ? ከመክፈልህ በፊት ሻጩን እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ። ልኬቱ 1፡160 ነው? ጎማው ብረት ነው ፕላስቲክ? መንጠቆው የትኛው ዓይነት ነው፣ የታሰረውስ ቦጊው ላይ ነው ሆዱ ላይ? ርዝመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ከሣጥኑ ጋር ነው? ደግሞ የሆዱን ፎቶ ላክልኝ፤ የጎኑ አያስፈልገኝም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ አድናኛለች። ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳየው የፉርጎውን ጎን ነው፤ እውነቱ ያለው ሆዱ ላይ ነው። ጎማ፣ ቦጊ፣ መንጠቆ፣ የጎደለ ብሎን፣ በሙጫ የተጨማለቀ ጥገና፣ ሁሉም በአንድ ፎቶ ይታያል። «የሆዱን ፎቶ አልሰጥም» ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ከዚያ ሁለት ብቻ አስመጡ። ሁለቱን ሞክራችሁ ከወደዳችሁ ስምንቱን በሚቀጥለው ሻንጣ። ጅምላ ርካሽ ይመስላል፤ ከ12 ፉርጎ 3 ብቻ ሲሠራ የአንዱን ዋጋ እንደገና አስሉት።

ሲደርስ

መጀመሪያ መስታወት ላይ አቁሙት። አራቱም አክስል መስታወቱን ካልነካ፣ ወይም በጣት ጫፍ ስትነኩት ከተንቀጠቀጠ፣ የቦጊውን ብሎን አስተካክሉ፦ የአንዱን ቦጊ ብሎን ወደ ግራና ቀኝ እስከማይወዛወዝ አጥብቁ፣ መዞር ግን ይቻለው፤ የሌላውን ላላ አድርጋችሁ በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዝ። ሦስት እግር ያለው ዱካ ወጣ ገባ መሬት ላይ እንደማይንገዳገድ ሁሉ ፉርጎውም እንዲሁ ይረጋል።

ቀጥሎ 1 ሜትር ኮምፔንሳቶ ላይ ሐዲድ ዘርጉና አንዱን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። ፉርጎውን ከላይ ስትለቁት በራሱ ከወረደ ጎማው ደህና ነው። ካልተነሳ አክስሉን አውጥታችሁ ፀጉር ወይም ክር እንዳልተጠመጠመበት እዩ፤ ከዚያ በኋላም እምቢ ካለ ጎማ ለውጡ። መጨረሻ ላይ ከሌሎች 5 ፉርጎዎች መሐል አስገብታችሁ ባቡሩ ከሐዲድ ወደ ሐዲድ በሚሻገርበት መቀያየሪያ ላይ ወደ ኋላ ግፉት። ወደፊት መጎተትማ ሁሉም ይችላል።

ኮንቴይነሩን ራሳችሁ ሥሩት

ጥሩ ጎማና መንጠቆ ያለው ጠፍጣፋ ፉርጎ ግዙ፤ ጭነቱ ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በኤን ርዝመቱ 76.2፣ ወርዱ 15.2፣ ቁመቱ 16.2 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 20 ጫማው ርዝመቱ 37.9 ሲሆን ሌላው ያው ነው። ከደብተር ሽፋን ካርቶን ቆርጣችሁ፣ በመስመር ማስመሪያ ጀርባ ጎድጎድ እያደረጋችሁ ሽንትሩን አውጡለት፣ ቀለም ቀቡት። ፀሐይ ያደበዘዘው ቀይና ሰማያዊ ከአዲሱ ይልቅ እውነተኛውን ይመስላል። ከመዝጋታችሁ በፊት ያቺን የባላንስ ቁራጭ ወለሉ ላይ አስቀምጡ፤ ከላይ ሳይሆን ከታች። ክብደቱም ጭነቱም በአንድ ተፈታ። ማዳበሪያና ስንዴ ለሚጭነው ግን ክድን ፉርጎ መግዛት አይቀርም።

ሐዲድ የሚስት ፉርጎ ሲኖር

በየፉርጎው ሆድ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥርና ክብደት ጻፉበት። አንድ ደብተር ያዙና ሐዲድ በሳተ ቁጥር የፉርጎውን ቁጥርና ቦታውን መዝግቡ። የተለያዩ ፉርጎዎች አንድ ቦታ ላይ የሚስቱ ከሆነ ፉርጎዎቹን ተዉአቸውና ሐዲዱን እዩ፤ መጋጠሚያው ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። አንድ ፉርጎ በተለያየ ቦታ የሚስት ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፦ መጀመሪያ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ (በኤች-ኦ 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኤን የማኅበሩን የብረት መለኪያ አስመጡ)፣ ከዚያ ቦጊውን፣ ከዚያ ክብደቱን። አንድ ፉርጎ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ያውም ሲገፋ ብቻ ከሳተ ግን መንጠቆው ኩርባው ላይ ወደ ጎን የሚዞርበት ቦታ አንሶታል፤ ኩርባውን ማስፋት ካልቻላችሁ ፉርጎውን ከሎኮሞቲቩ አርቃችሁ፣ ግፊቱ ወደሚቀንስበት ወደ ተርታው ኋላ ጫፍ ውሰዱትና እንደገና ሞክሩ።